ሁለት ጠመንጃ ለሁሉም አደን፦ የትኛውን ከየትኛው ጋር እናጣምር?

«ሁለት ጠመንጃ ብቻ ይኑረኝ፤ ግን ከጥንቸል እስከ ትልልቁ አውሬ ድረስ ይብቁኝ» የሚል አዳኝ ብዙ ነው። ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ጠመንጃ ሲበዛ አብሮ የሚበዛው ጽዳቱ፣ የጥይቱ ዓይነትና ወረቀቱ ነው። የተኳሹ ችሎታ አይበዛም። ሁለት ብቻ ይዞ ዓመቱን ሙሉ የሚለማመድ ሰው፣ አሥር ደርድሮ አንዱንም በቅጡ ከማያውቅ ሰው በጣም ይሻላል።

አንድ ብቻስ ለምን አይበቃም? ትንሿ .22 ኤል አር የምትባለው ጥይት (በነጥብ የሚጀምረው ቁጥር የአረሩን ውፍረት በኢንች ይናገራል) ከአፈሙዝ ስትወጣ የምትይዘው ጉልበት 190 ጁል ገደማ ነው። የ.375 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም (ማግነም ማለት ጉልበቱ የበዛ ጥይት ነው) ጉልበት ደግሞ ወደ 5,800 ጁል ይጠጋል። ሠላሳ እጥፍ ማለት ነው። በ.22 ጎሽ ላይ መተኮስ ጭካኔም ነው፣ ራስን ለሞት መስጠትም ነው። በ.375 ጥንቸል ቢመቱ የሚበላ ነገር አይተርፍም። ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ አንድ ጠመንጃ የለም።

ሁለት ይሁን ከተባለ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው ሁለት ተመሳሳይ ጠመንጃ ይገዛል። .308 አለው። ከዚያ .30-06 ያያል፣ ዓይኑ ያርፍበታል፣ ይገዛዋል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ለመጠባበቂያ ከሆነ እሺ። ግን እነዚህ ሁለቱ የሚጥሉት እንስሳ አንድ ነው፤ የሚደርሱበት ርቀትም ያው ነው። አዳኙ ገንዘቡን አውጥቶ ምንም አዲስ ነገር አላገኘም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ጥንድ የሚመረጠው በመካከሉ ባለው ክፍተት ነው። ሁለተኛው ጠመንጃ አንደኛው የማይችለውን የሚችል ይሁን።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጥይት ቁጥሮቹ የተለመዱ የፋብሪካ ጥይቶችን የሚወክሉ ናቸው፤ እንደ ቱቦው ርዝመትና እንደ አምራቹ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

መጀመሪያ እንስሳው፣ ከዚያ ሕጉ

ጠመንጃ ከማየታችሁ በፊት ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ መልሱ። በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት በእርግጥ የማድነው ምንድን ነው? በሕልሜ ያለው አይደለም። በእርግጥ የማድነው። አብዛኛው ሰው እውነቱን ከተናገረ መልሱ አጋዘንና ሚዳቋ መሰል እንስሳት፣ የዱር አሳማ፣ ጥንቸልና ቀበሮ ነው። ድብ፣ ሙስ (የሰሜን አገሮች ግዙፍ አጋዘን) ወይም ጎሽ የሚያድነው ጥቂቱ ነው። ለአንድ የሕልም ጉዞ ብሎ ትከሻ የሚሰብር ማግነም የሚገዛ ሰው፣ ቀሪውን ዘመኑን ያንን ጠመንጃ እየፈራው ነው የሚኖረው።

ሕጉንም ቀድማችሁ አጣሩ። በየአገሩ ይለያያል፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ለምሳሌ የጀርመን የአደን ሕግ ለትንሿ የአውሮፓ አጋዘን በ100 ሜትር ላይ ቢያንስ 1,000 ጁል ይጠይቃል። ለሌሎቹ ባለ ሰኮና የዱር እንስሳት ደግሞ ቢያንስ 6.5 ሚሊ ሜትር ካሊበር (የአረር ውፍረት) እና በ100 ሜትር 2,000 ጁል ይፈልጋል። በዚህ መለኪያ .243 ለትንሿ አጋዘን ያልፋል፤ ለዱር አሳማ ግን ጉልበቱ ቢበቃ እንኳ ካሊበሩ ስለሚያንስ ይወድቃል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ አደገኛ ለሚባሉት እንስሳት ዝቅተኛው የተለመደ መስፈርት .375 ነው። ራሱ የሚቀባበል ጠመንጃ ለአደን የማይፈቀድበት ቦታም አለ። ገዝቶ ከማዘን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ጥይቶቹ ጎን ለጎን

| ጥይት | የወጣበት ዓመት | የአረር ክብደት (ግራም) | ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ) | ጉልበት (ጁል) |
|---|---|---|---|---|
| .22 ኤል አር | 1887 | 2.6 | 380 | 190 |
| .223 ሬሚንግተን | 1964 | 3.6 | 990 | 1,750 |
| .243 ዊንቸስተር | 1955 | 6.5 | 900 | 2,600 |
| 6.5 ክሪድሙር | 2007 | 9.1 | 825 | 3,100 |
| .270 ዊንቸስተር | 1925 | 8.4 | 930 | 3,650 |
| .308 ዊንቸስተር | 1952 | 9.7 | 860 | 3,600 |
| .30-06 ስፕሪንግፊልድ | 1906 | 11.7 | 820 | 3,950 |
| .300 ዊንቸስተር ማግነም | 1963 | 11.7 | 900 | 4,750 |
| .375 ኤች ኤንድ ኤች | 1912 | 19.4 | 770 | 5,800 |

ሰንጠረዡን ስታዩ መሀሉን ልብ በሉ። ከ6.5 ክሪድሙር እስከ .30-06 ያሉት አራቱ ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩት በእነዚህ አራቱ ላይ ነው። በ200 ሜትር ላይ ቆሞ ደረቱን የሰጠ አጋዘን ግን በየትኛው እንደተመታ አይለይም። ትልቁ ዝላይ ያለው ከ.22 ወደ .223፣ ከዚያም ከ.30-06 ወደ .375 ነው። ጥንዳችሁን የምትፈልጉት በእነዚህ ዝላዮች ግራና ቀኝ ነው።

ጉልበት ብቻውንም አይገድልም። የሚገድለው አረሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል። አብዛኛውን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው፤ ያ ጥይት ዛሬ ለአጋዘን የሚባል ነው። የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ እያስከፈተ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቶ ነበር። ይህን የማነሳው ማንም እንዲከተለው አይደለም፤ ዛሬ በሕግም በሕሊናም የሚፈቀድ አይደለም። የማነሳው ጉልበት የተኳሽን ጉድለት እንደማይሸፍን ለማሳየት ነው።

ትንሹ ጠመንጃ፦ .22 ወይስ .223?

በእኔ እምነት ለአብዛኛው ሰው ከሁለቱ ጠመንጃዎች አንዱ .22 ኤል አር መሆን አለበት። ጥይቱ ከሁሉም ርካሽ ነው። ድምፁ ትንሽ ነው። የሰደፍ ምት የለውም ማለት ይቻላል። ልጅም አዋቂም ሳይፈራ ይማርበታል። ምላጭ አሳሳብን፣ ትንፋሽ አያያዝን፣ አፈሙዙ ሳይንቀሳቀስ ተኩሶ መጨረስን የሚያስተምረው እሱ ነው። ትልቁን ጠመንጃ በደንብ የሚተኩስ ሰው ብዙ ጊዜ በ.22 ያደገ ሰው ነው።

ድንበሩን ግን እወቁለት። መነጽሩ በ50 ሜትር ላይ ከተስተካከለ በ100 ሜትር ላይ አረሩ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ለጥንቸልና ለሽኮኮ ከ70 ሜትር ብዙ ባታልፉ ጥሩ ነው። አጋዘን ላይ በፍጹም አይተኮስም። ሌላው ሰዎች የሚዘነጉት አደጋው ነው። «ትንሽ ናት» ብሎ መናቅ አለ። ይህች ትንሽ አረር ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ልትሄድ ትችላለች። ድንጋይና ውኃ ላይ ስታርፍም በቀላሉ ነጥራ አቅጣጫ ትቀይራለች። ከእንስሳው ጀርባ አፈር ወይም ኮረብታ ከሌለ አትተኩሱ።

አሁን .223ን ከጎኑ አስቀምጡት። ጉልበቱ የ.22 ዘጠኝ እጥፍ ነው። በ200 ሜትር ላይ ያለ ቀበሮ ያለ ችግር ይመታበታል። ሕግ በሚፈቅድበት አገር፣ ለዚሁ በተሠራ አረር፣ ትንንሽ አጋዘኖችም ይታደኑበታል። ምቱ አሁንም ቀላል ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። ጥይቱ ከ.22 በብዙ ይወደዳል፤ ስለዚህ ያን ያህል አትለማመዱበትም። ጥንቸልን ደግሞ ይበታትናታል። ሥጋ ፈላጊ ከሆናችሁ .22። ከብትና ዶሮ የሚያጠቁ አውሬዎችን በሜዳ ላይ የምትከላከሉ ከሆነ .223።

በመካከላቸው የ1959ኙ .22 ማግነምና የ2002ቱ .17 ኤች ኤም አር አሉ። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ .17ቱ እስከ 150 ሜትር ድረስ በጣም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግን የ.17ቱ አረር ከ1.3 ግራም ስለማይበልጥ ንፋስ ይጫወትበታል፣ ጥይቱም እንደ .22 በየቦታው አይገኝም። ሁለት ጠመንጃ ብቻ ላለው ሰው አልመርጣቸውም።

ከ.22ቶቹ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ራሱ የሚቀባበለው ነው። ከ1964 ጀምሮ የሚሠራው ሩገር 10/22 በዚህ መስመር ከሁሉ የታወቀው ነው። አሥር ጥይት የምትይዝ ክብ ካዝናው ከጠመንጃው ሆድ ወጣ አትልም፤ መለዋወጫውም በሽ ነው። ሌላው እንደ ቼኩ ሲዜድ 457 ያለ በእጅ የሚቀባበል ነው። ለልምምድ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አንድ ጥይት ተኩሶ፣ አቀባብሎ፣ እንደገና ማነጣጠር ትዕግሥት ያስተምራል። በተጨማሪም ትልቁ ጠመንጃችሁ እንደዚያው በእጅ የሚቀባበል ከሆነ እጃችሁ አንድ ቋንቋ ብቻ ይማራል።

ትልቁ ጠመንጃ፦ የአራቱ ክርክር

ዋናው ውሳኔ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

.308 እና .30-06 ወንድማማቾች ናቸው። የአረራቸው ውፍረት አንድ ነው። የ.308 ቀለህ 51 ሚሊ ሜትር፣ የ.30-06 ቀለህ 63 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አጭሩ ቀለህ አጭር መቀባበያ ያስችላል፤ ጠመንጃው ትንሽ አጥሮና ቀልሎ ይወጣል። በእኩል የአረር ክብደት .30-06 ጥቂት ፈጠን ይላል። ልዩነቱ የሚታየው አረሩ ሲከብድ ነው። 13 እና 14 ግራም የሚመዝኑትን አረሮች .30-06 በደንብ ይገፋቸዋል፤ .308 ግን በእነሱ ይደክማል። እንደ ሙስ እና ኤልክ ያሉ ግዙፍ እንስሳት በዝርዝራችሁ ውስጥ ካሉ .30-06 ይሻላል። ከሌሉ ደግሞ .308 ውሰዱ። በአጭር ቱቦ ብዙ ፍጥነት አያጣም፣ ለዒላማም ለአደንም የሚሆን ጥይት በብዙ አገር ይገኝለታል፣ ምቱም ትንሽ ይቀላል።

.270 የሜዳና የተራራ ጠመንጃ ነው። የ.30-06 ቀለህ አፉ ጠብቦ የተሠራ ነው። አረሩ ቀለል ያለና ፈጣን ስለሆነ አወራረዱ ትንሽ ነው። በገደል ወዲያ ማዶ ያለ እንስሳ ላይ ርቀቱን በትንሹ ብትስቱ ይቅር ይላችኋል። ለከባድ አውሬ ግን የአረር ምርጫው ጠባብ ነው። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነውም ያረጀ ጥይት እንዳይመስላችሁ።

6.5 ክሪድሙር የአራቱ ታናሽ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለሩቅ የዒላማ ውድድር ነበር። ረጅምና ቀጭን አረሩ አየርን በደንብ ስለሚሰነጥቅ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ ንፋስም ብዙ አይገፋውም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ምቱ ነው። በእኩል ክብደት ጠመንጃ ላይ የሰደፉ ምት ከ.308 ሩብ ያህል ይቀንሳል። ቀጭን ሰውነት ላለው፣ ለጀማሪ ወይም ትከሻው ታሞ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዱ «የፋሽን ጥይት» ይለዋል። አልስማማም። እስከ ትልቅ አጋዘን ድረስ በሚገባ ይሠራል። ከዚያ በላይ ላለው ግን ከባድ አረር የሚያስፈልገው ሥራ ስለሆነ .30ዎቹን (.308ንና .30-06ን) ልቀቁለት።

ሰደፍ ሲመታ ምን ይሆናል የሚለው በግዢ ሰዓት ተገቢው ቦታ አይሰጠውም። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ጠመንጃዎች ላይ የ.243 ምት ከ.30-06 ግማሽ ያህል ነው። የ.300 ማግነም ከ.30-06 በሲሶ ገደማ ይበልጣል። የ.375 ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ምት የፈራ ተኳሽ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደፊት ይገፋል። አረሩ ደረት ሳይሆን ሆድ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሌሊቱን ሙሉ ደም ተከትሎ መፈለግና የሚሰቃይ እንስሳ ነው። ይህን ለማስቀረት ሲባል በጁል ጥቂት መቶ ማጣት ምንም አይደለም።

.300 ዊንቸስተር ማግነምስ? ጥሩ ጥይት ነው። በሩቅ የሚታደኑ ትልልቅ እንስሳትን አዘውትሮ ለሚያድን ልምድ ያለው ሰው ይገባዋል። ግን አብዛኛው አዳኝ ከ250 ሜትር በታች ነው የሚተኩሰው። መነጽሩ በ200 ሜትር ከተስተካከለ .308ም .30-06ም በ300 ሜትር ላይ የሚወርዱት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያንን በልምምድ ማወቅ ይቻላል። ማግነም የሚገዛው ርቀት፣ አብዛኛው ሰው ሊተኩስበት የማይገባ ርቀት ነው።

አሁን ጥንዶቹን እናወዳድር

*.22 ኤል አር ከ.308 ጋር (ወይም ከ.30-06)።* የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። አንዱ ለትንንሹ ሥጋና ለዓመት ሙሉ ልምምድ፤ ሌላው ከሚዳቋ እስከ ትልቅ አጋዘንና የዱር አሳማ። .30-06 ከሆነ ሙስንም ይጨምራል። ሁለቱም ጥይቶች በዓለም ላይ በጣም ከተሰራጩት ውስጥ ስለሆኑ ጉዞ ላይ ጥይት ቢጠፋችሁ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ክፍተቱ ያለው በሁለት ቦታ ነው፦ በ200 ሜትር ላይ ያለ ቀበሮ ለ.22 ሩቅ ነው፣ አደገኛ ትልቅ አውሬም ከሁለቱም በላይ ነው። የመጀመሪያውን ችግር በትልቁ ጠመንጃ ትፈቱታላችሁ፤ ቆዳው ይበላሻል እንጂ ሥራው ይሠራል።

*.243 ከ.300 ማግነም ጋር።* በወረቀት ላይ ያምራል። .243ቱ ከቀበሮ እስከ መካከለኛ አጋዘን፣ .300ው ከዚያ በላይ። ሜዳማና ሩቅ የሚታይበት አገር ላይ ለሚያድን ሰው እውነትም ጥሩ ነው። ግን ሁለቱም ጮክ ያሉ፣ ሁለቱም ውድ ጥይት የሚበሉ ናቸው። ለመለማመጃ የሚሆን ትንሽ ጠመንጃ የለም። ጥንቸልም ከዝርዝሩ ወጣች። ይህን ጥንድ የምመክረው ልምምዱን ለጨረሰ ሰው ብቻ ነው።

*.270 ወይም 6.5 ክሪድሙር ከ.375 ኤች ኤንድ ኤች ጋር።* ይህ የተጓዥ አዳኝ ጥንድ ነው። ቀላሉ ለአጋዘንና ለተራራ እንስሳ፣ ከባዱ ለጎሽ፣ ለትልቅ ድብና ለመሳሰሉት። .375 በቅርብ ርቀት ብቻ የሚሠራ ይመስላቸዋል ብዙዎች። አይደለም፤ እስከ 200 ሜትርና ትንሽ አለፍ ብሎ አወራረዱ ከ.30-06 ከባድ አረሮች ብዙም አይለይም። ለዚህ ነው ከ1912 ጀምሮ እስካሁን የኖረው። ምቱ ከበዛባችሁና የአገሩ ሕግ ከፈቀደ በ1905 በርሊናዊው ጠመንጃ ሠሪ ኦቶ ቦክ ያወጣውን 9.3 በ62 የተባለ ጥይት ተመልከቱ። በተለመደው የመውዘር መቀባበያ ርዝመት ይገባል፤ አረሩ 18.5 ግራም ይመዝናል፤ ከ.375 ትንሽ ዝግ ስለሚል ለትከሻም ይለሰልሳል።

ጎሽ የማታድኑ ከሆነ ይህን ሦስተኛ ጥንድ እርሱት። በእውነት እርሱት። ከአጋዘን በላይ የማያድን ሰው እጅ ላይ ያለ .375 ቅባት ተቀብቶ የሚቀመጥ ብረት ነው።

በአንድ ሰደፍ ላይ ቱቦ እየቀያየሩ የመጠቀም መንገድም አለ። በ2008 የወጣው የጀርመኑ ብሌዘር አር 8 የዚህ ዓይነት ነው። ከ.22 ጀምሮ እስከ ትልልቆቹ ካሊበሮች ድረስ ቱቦ ይገጠምለታል። አሠራሩ ድንቅ ነው፤ ዋጋው ግን የሁለት ጥሩ ጠመንጃ ዋጋ ያስወጣል። ለሁለት ሰው ማካፈልም አይቻልም። የሚበሩ ወፎችን በተመለከተ ደግሞ ያ የሾትገን (በአንዴ ብዙ ጥቃቅን አረር የሚበትን መሣሪያ) ሥራ ነው፤ በጠመንጃ ወደ ሰማይ አይተኮስም።

አቀባበልና ሞዴል

ለትልቁ ጠመንጃ በእጅ የሚቀባበለውን ምረጡ። ጠንካራ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለማጽዳት አያስቸግርም፣ ጥይት እንዳለበት እንደሌለበት ከፍቶ ማየት ይቻላል። ከምላጩ ስር ባለው እጀታ የሚቀባበሉት ጠመንጃዎች፣ ለምሳሌ ማርሊን 336፣ በጫካ ውስጥ በቅርብ ርቀት ለማደን ፈጣንና ምቹ ናቸው። ግን ጥይታቸው በቱቦ ካዝና ውስጥ ፊትና ኋላ ሆኖ ስለሚደረደር ሹል ጠንካራ አረር አይገባባቸውም። ሹሉ ጫፍ የፊተኛውን ጥይት መቀጣጠያ ሊመታው ይችላል። ስለዚህ ጫፉ ዝርግ የሆነ አረር ይጎርሳሉ፤ እሱ ደግሞ ሩቅ አይሄድም።

የዛሬዎቹ በእጅ የሚቀባበሉ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የ1898ቱ መውዘር ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። የመውዘር ሰፊ ጥፍር ጥይቱን ከካዝናው ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ይዞት ይጓዛል። በ1936 የወጣው ዊንቸስተር ሞዴል 70 በዚህ ባሕርዩ ስም ያተረፈ ነው። ከ1964 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ያን ጥፍር ስለተወ፣ አሮጌ ሞዴል 70 የምትገዙ ከሆነ የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ። ለአደገኛ አውሬ ጥፍሩ ያለውን እመርጣለሁ። ለአጋዘን ግን ልዩነቱ አያሳስብም።

የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደ ቅቤ ነው፤ ምላጩም ከፋብሪካ ጀምሮ ጥሩ ነው። ቀላሉ ዓይነቱ ሦስት ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ሰው ደስ ይላል፤ ግን ጠመንጃ ሲቀል ምቱ ይጨምራል። የሩገር አሜሪካን ከሁሉም ቀለል ባለ ወጪ ትክክለኛ ተኩስ ይሰጣል። ሰደፉ ፕላስቲክ ነው፣ አያምርም፣ ይሠራል። ከ1958 ጀምሮ ያለው ሳቬጅ 110 ለግራ እጅ ተጠቃሚ ብዙ ምርጫ አለው። ሬሚንግተን 700 በ1962 የወጣ ሲሆን መለዋወጫውና ጠጋኙ ብዙ ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ግን አንድ ነገር አጣሩ። በ2014 ኩባንያው ከ2006 እስከ 2014 የተሠሩ ምላጮቹን ለጥገና መልሶ ጠርቶ ነበር። ጠመንጃው በዚያ ዘመን የተሠራ ከሆነ ጥገናው መደረጉን ሳታረጋግጡ አትውሰዱ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ በጣም አጥብቄ የምነግራችሁ ግን እሷን ነው። የሁለቱ ጠመንጃዎች የደህንነት መቆለፊያ በአንድ አቅጣጫ የሚሠራ ይሁን። ሲዜድ 457 ወደፊት ሲገፋ ይከፈታል። ከእሱ በፊት የነበሩት 452 እና 455 ደግሞ ወደኋላ ሲሳብ ነው የሚከፈቱት። ከ452ና ከ455 አንዱን ወደፊት ሲገፋ ከሚከፈተው ቲካ ጋር አጣምራችሁ ከያዛችሁ ጨለማ ላይ፣ ልብ ሲመታ፣ እጅ ይሳሳታል። ሁለቱንም መሸጫው ቤት ውስጥ ባዶ መሆናቸውን አረጋግጣችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሯቸው።

መነጽሩ፣ ልኩ፣ አረሩ

በጀታችሁን በሙሉ ጠመንጃው ላይ አትጨርሱ። መካከለኛ ጠመንጃ ላይ ጥሩ መነጽር፣ ውድ ጠመንጃ ላይ መናኛ መነጽር ከመግጠም ይሻላል። ለትልቁ ጠመንጃ ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር ለሁሉም ይበቃል። በጫካ የምታድኑ ከሆነ ከ1 ጀምሮ የሚያጎላውን ውሰዱ፤ ሰፊ ቦታ ያሳያል። መነጽሩና ዓይናችሁ መካከል ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መኖሩን አረጋግጡ። ሲመታ ቅንድብ የሚሰነጥቀው ይህን ያልተጠነቀቀ ነው።

የሰደፉ ርዝመት ከሞዴሉ ስም ይበልጣል። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጠመንጃውን ወደ ትከሻ አምጡ፣ ዓይናችሁን ክፈቱ። መነጽሩ ውስጥ ሙሉ ክብ ካያችሁ ልካችሁ ነው። ጥቁር ጥላ ካያችሁ ወይም አንገታችሁን መዘርጋት ካለባችሁ ሌላ ሞክሩ። የወፍራም ልብስ ወቅት ካለ ያንኑ ልብስ ለብሳችሁ ፈትሹ።

ያገለገለ ጠመንጃ ሲሆን ቱቦውን በብርሃን አጮልቃችሁ ተመልከቱ። ውስጠኛው ጥምዝ ስለታም ሆኖ መታየት አለበት። ዝገትና ጉድጓድ ካለ ተዉት። የአፈሙዙ ጠርዝ ከተፈለጠ አረሩ ሲወጣ ይጠመዛል፤ ቀሪው ጠመንጃ ምንም ያህል ቢያምር ኢላማ አይመታም።

አረርን በተመለከተ እርሳስና መዳብ ተለያይተዋል። ካሊፎርኒያ ከ2019 አጋማሽ ጀምሮ በእርሳስ ማደን ከልክላለች፤ ሌሎችም ቦታዎች ወደዚያው እያዘነበሉ ነው። የመዳብ አረር ጠንካራ ነው፣ በጥልቀት ይገባል፣ ሥጋው ውስጥ የእርሳስ ፍንጣሪ አይተውም። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ግን በአንድ ክብደት አረሩ ይረዝማል። ስለዚህ ከለመዳችሁት አንድ ደረጃ የቀለለውን ምረጡ። ሁሉም ጠመንጃ ሁሉንም ጥይት አይወድም። ሦስት አራት ዓይነት ጥይት ገዝታችሁ ቀዳዳው የሚሰበሰብበትን እስክታገኙ ሞክሩ፤ ከዚያ ያንኑ በብዛት ያዙ።

መጀመሪያ የትኛውን ልግዛ?

ሁለቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ለማይችል ሰው መልሱ እንደ ልምዱ ነው። ከዚህ በፊት ተኩሶ የማያውቅ ሰው .22ን አስቀድሞ ይግዛ፤ አንድ ዓመት ይለማመድበት፣ ትንንሹን እንስሳ ያድንበት። በዚያ ዓመት ውስጥ ትከሻው ምን እንደሚችል፣ አገሩ ቅርብ ይሁን ሩቅ የሚያሳይ፣ አብረውት የሚያድኑት ሰዎች ምን ጥይት እንደሚይዙ ያውቃል። ትልቁን ሲገዛ በግምት አይሆንም። ተኩስ የሚያውቅና የአጋዘን ወቅት የደረሰበት ሰው ግን .308ቱን ይውሰድ። .22ቱን ወቅቱ ሲዘጋ ይጨምር፤ ምክንያቱም ያኔ ነው ትልቁን ጠመንጃ አስቀምጦ በየሳምንቱ የሚተኩስበት የሚያስፈልገው።